ጋሽ ጨለማ ለምን ያንኳኳል?

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለመስታወት ቆራጩ፤

እንደምን አደርክ? እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ እንዴት ሆነልህ፣ አሁንም ሲመሽ ያብጣል? ትንፋሽህስ ተመለሰልህ? ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆመህ «ቆይ፣ ይቺን ግድግዳ አንዴ ላድንቃት» ማለትህን ተውክ? ብዙ ጠየቅኩ፤ ግን ያለጥያቄ ሰላምታ የማውቅ ልጅ አይደለሁምና እንደለመድከው በየተራ መልስልኝ። ያለህበት ቦታ ደረጃ ከሌለው እሰየው ነው። ደረጃ ምን ያህል እንዳስጠላህ እኔ ምስክርህ ነኝ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ነውና። አንተ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቀዋለህ። «ስትዋሽ ፊደልህ ያምራል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ፊደሌ ተንጋዶ ካየኸው እውነቴን ነው ማለት ነው። አንተን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ከረመ። አክስታችን እኔ ብቻዬን እንዳላድር ብላ ካንተ አልጋ ላይ ተኝታ ሰነበተች። ታንኮራፋለች፤ ያውም ካንተ ትብሳለች። አንተን በትራስ እመታህ ነበር፤ እሷን በምን ልምታት? ትናንት ወደ ቤቷ ሄደች። ከየጎረቤቱ የተዋስናቸው ወንበሮችም ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ዛሬ እናታችን ሥራ ገባች፤ የሆቴሉ አንሶላ ተከምሮ እየጠበቃት ነው አሉ። አባታችንም አውቶቡሱን ይዞ ገና ሳይነጋ ወጣ። እናም ይኸው፣ በዚህ ቤት ውስጥ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እኔ ብቻ ነን።

የጻፍኩልህ አንድ ጭንቅ ስላለብኝ ነው። እናታችን የጌሙን ማጫወቻ ለአክስታችን ልጅ ልትሰጠው ነው። አልተቆጣችም፣ አንተንም ለመርሳት አይደለም። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፍናው ከረመች። ባለፈው እራት ላይ «ልጄን ላስበው ስል ጀርባውን ነው የማየው። ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ ጀርባችሁን ሰጥታችሁኝ እዚያ ነገር ላይ ተደፍታችሁ ነበርና፣ ዕቃው እዚያ እስካለ ፊቱ አይመጣልኝም» አለች። አባታችን ዳቦውን ቆረሰ። እኔ «ይቅር፣ እፈልገዋለሁ» ስላት «‹እፈልገዋለሁ› ምክንያት አይሆንም፤ እኔም ብዙ ነገር እፈልጋለሁ። ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። እስከዚያ ሌላ ምክንያት ካለህ ንገረኝ» አለችኝ። ጠበቃው እያልክ የምትጠራኝ እኔ፣ በክርክር የሰፈሩን ጸጉር አስተካካይ ምላጭ ያስጣልኩት እኔ፣ የምላት ነገር አጣሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ማጫወቻው ቤታችን የገባበትን ቀን ታስታውሳለህ? ስልክ ጠጋኙ ለሱቁ መስኮት መስታወት ስትገጥምለት «በምን ላመስግንህ» ሲልህ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣውን ዕቃ አሳየኸው። በጃኬትህ ጠቅልለህ እንደ ሕፃን አቅፈኸው መጣህ። ጆይስቲኩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የግራ ቁልፉ ተጣብቆ በጥፍር ካልሆነ አይጫንም። አንድ ጆይስቲክ ለሁለት ወንድማማች ጠብ ነውና ሕግ አወጣህ። ስትሞት ታቀብላለህ። ሌላ ሕግ የለም። በሰዓት አይደለም፣ በዕድሜ አይደለም፣ በማልቀስም አይደለም። የያዘው ሰው ጌሙ ውስጥ እስኪሞት ድረስ የሱ ነው፤ ከሞተ ግን ሳያጉረመርም ለሌላው ያቀብላል። አባታችን እንኳን አንድ እሑድ ልሞክር ብሎ ገደል ገብቶ ሲሞት፣ ሳያጉረመርም ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ያን ቀን ሕጉ ሕግ ሆነ።

በየመስኮቱ መብራት የሚበራባትን ያቺን የጌሙን ተራራማ አገር ስታስባት አሁንም ደስ ትልሃለች? እዚያ የማውቀውን ያህል መንገድ በዚህ ሰፈር አላውቅም። ወፍጮው ጋ ወደ ቀኝ፣ ድንጋይ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ላይ። ረጅም ካባ የለበሰው፣ ፊቱ የማይታየው ሰውዬ ከመንደር መንደር እየዞረ መብራት ያጠፋል፤ እኛ ደግሞ ፋኖስና ሰይፍ ይዘን እንከተለዋለን። ስሙ ረጅም ስለነበር ምላሳችን አልገለበጠውም። አንተ ጋሽ ጨለማ አልከው። «በዕድሜ ስለሚበልጠን አንቱ ባንለው እንኳን ጋሽ ማለት አለብን» ብለህ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለን ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ። እናታችን ልብስ እያጣጠፈች ስትሰማን ቆይታ «ለመሆኑ ይሄ በር እያንኳኳ የሰው መብራት የሚያጠፋው ጋሽ ጨለማ የምትሉት ማነው? ከመብራት መሥሪያ ቤት ነው እንዴ?» ብላ የጠየቀችን ቀን፣ አንተ ከሳቅህ ብዛት ምንጣፉ ላይ ተንከባለልክ። እሷ እስከዛሬ ምን እንዳሳቀን አታውቅም።

ክርክራችን የጀመረው ከማንኳኳቱ ነው። ጌሙ ሲጀምር ጋሽ ጨለማ ኮረብታ ላይ ቆሞ በአንድ እፍታ አንድ መንገድ ሙሉ መብራት ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ለቤት ይዞራል፤ በእያንዳንዱ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል፣ እስኪከፈትለትም ይጠብቃል። ኃይል ያለው ሰው ለምን ያንኳኳል? እኔ አልኩህ፣ ሥልጣን ነው የሚፈልገው፤ ሰው በጨለማ ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይገዛል። አንተ «ሥልጣን የፈለገ ሰው እንዲህ በእግሩ አይኳትንም። ቢያንስ ቢያንስ የአባባን አውቶቡስ ይሳፈራል» አልከኝ። እኔ ደግሞ ማንኳኳቱ የኃይሉ ገደብ ነው፣ ካልተከፈተለት መግባት አይችልም፣ ስለዚህ ተንኮል ነው አልኩ። አንተ «ወይም ሰው ያሳደገው ነው» አልክ። ምንም ብልህ ያን ሰውዬ ክፉ ማለት አቃተህ።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የመስታወቱ ነገር ነበር። ጋሽ ጨለማ ፋኖስ ሲያጠፋ መጀመሪያ መስታወቱን ያነሳል፤ አስቀምጦ ነው እፍ የሚለው። አንተ ጌሙን አቁመህ ወደ ስክሪኑ ተጠጋህና «እጁን እየው። በሁለት ጣት፣ ከጠርዙ፣ ከደረቱ አርቆ። እንዲህ የሚይዝ መስታወት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው። የጠላ ሰው ይሰብራል፤ ይሄ አንድም አልሰበረም። መብራቶቹን ራሱ ነው የሠራቸው። ከመሀላቸው አንዷን እየፈለገ ነው» አልከኝ። እኔ «ጌሙን የሠሩት ሰዎች ስብርባሪ መሣል ሰንፈው ነው» አልኩህ። ትንሽ አሰብክና «ይሄም ይሆናል» አልክ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበርክ፤ የኔን ነገር ሳታስብበት አትጥለውም። በነጋታው ወደ ሥራ ቦታህ ወሰድከኝ። ምንጣፍ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ መቁረጫዋን ጋዝ ውስጥ ነክረህ በማስመሪያው ጠርዝ አንዴ ብቻ ሳብካት። «ደግመህ ከሳብክ ይበላሻል» አልከኝ። ከሥሩ መታ መታ አደረግከው፤ መስታወቱ ያለ ጩኸት ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ አነሳኸው። በሁለት ጣት፣ ከጠርዙ። ተያይተን ሳቅን፤ አለቃህ «ምን ያስቃችኋል?» አለ።

ጸጉር አስተካካዩም ቢሆን አልቀረለትም። አንተ ወንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠቅልለህ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተራ ስጠብቅ ነገሩን አነሳንለት። «ሌባም እኮ ያንኳኳል» አለ ምላጩን እያበሰ፣ «ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን ለማወቅ።» እኔ ደስ ብሎኝ ልዘል ነበር። አንተ ግን በመስታወቱ ውስጥ አየኸውና «ሌባ ሰው ካለ ይሄዳል። ይሄ ሰው ካለ ነው የሚገባው» አልከው። ሰውዬው እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። «እንግዲያ እንግዳ ነው በለኛ» አለ። እኔ «እንግዳ የቤቱን መብራት አያጠፋም» ብዬ ስጮህ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። አንስቶ ሥራውን ሲቀጥል ሐሳቡ ከኛ ጋር ስለነበር ከግራ ጆሮህ በላይ ያለውን ጸጉር አጋመሰው። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ጎን ሽማግሌ፣ በአንድ ጎን ጎረምሳ ሆነህ ከረምክ። ሰው ሲጠይቅህ «ጋሽ ጨለማ ነው ያስቆረጠኝ» ትል ነበር።

ከዚያ ልብህ ታመመ። ሐኪሙ መስታወት መሸከም ይቅርብህ አለህ፤ አንተም ቤት ዋልክ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ትራሱን ከጀርባህ አድርገህ፣ ጆይስቲኩን ጭንህ ላይ አኑረህ ትጠብቀኛለህ። ያለኔ ጌሙ ውስጥ አንድ እርምጃ እንኳን አትራመድም ነበር። ጋሽ ጨለማ ላይ ያለህ አስተያየትም ተለወጠ፤ ወይም ተለሳለሰ ልበል። «እየው፣ እፍ ካለ በኋላ ግድግዳ ይደገፋል» አልከኝ አንድ ቀን። «ኃይሉ እየጨመረ አይደለም፣ እያለቀ ነው። ደክሞታል።» እኔ ግን በዚያው ልክ ጠላሁት። የማንም በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ነገር መስማት አስጠላኝ።

እንደዚህ ሆነን ነው የመጨረሻው በር ላይ የደረስነው። መጀመሪያ አንተ ይዘህ ነበር፤ ድንጋይ ድልድዩ ላይ ወደቅክ፣ አቀበልከኝ፤ እኔ ተሻግሬ ወደ ትንሿ ቤት ገባሁ። በአገሩ የቀረችው የመጨረሻዋ መብራት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናት። በሩ ይንኳኳል። ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በሩን በትከሻ ገፍቶ መያዝ፣ ወይ መቀርቀሪያውን መሳብ። እኔ እንያዘው አልኩ፤ አንተ እንክፈት አልክ። «ሳንስማማ በሯን አንነካትም» ተባባልን። እኔ ለምን እንደዚያ እንደምትል ስጠይቅህ «ጌሟ ካለቀች በኋላ በምን እንጨቃጨቃለን?» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ማጫወቻውን ስንከፍት እዚያው በር ላይ ቆመን፣ እያንኳኳ፣ እኛ እንከራከር ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ «አጥብቄ ከያዝኩት ይሄዳል! መሄድ አለበት!» አልኩህ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር፤ የተኛህ መስሎኝ ነበር። «በር ይዞ የቆመ ሰው ሌላ ምን ይሠራል?» አልከኝ። «ሻይ አያፈላ፣ አይተኛ፣ አያጠና። ለመሆኑ ጠበቃዬ፣ ነገ የሂሳብ ፈተና የለብህም?» ነበረብኝ። ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱህ ጆይስቲኩ በኔ በኩል እንደተቀመጠ ቀረ።

እንግዲህ ሰላምታዎችህን ላድርስ። እናታችን ሰላም ብላሃለች፤ በቃል አይደለም፣ ሸሚዝህን አጥባ ተኩሳ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ሰቅላዋለች፤ እኔ ሰላምታ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። አባታችን ሰላም ይልሃል፤ አውቶቡሱ በኛ መንገድ ሲያልፍ ወደ መስኮታችን አንድ ጊዜ ጥሩምባ ማሰማቱን አልተወም። አክስታችን አልጋህ ይቆረቁራል ብላሃለች። አለቃህ ሰላም ብሎሃል፤ መቁረጫህን ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈቀደም። ጸጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎህ፣ «ያን ጎኑን አስተካክዬለት ቢሆን ኖሮ» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔም ባንተ ፋንታ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጸጉሩ እንደሆነ አድጎ ነበርና። አንተም አያታችንን አግኝተኸው ከሆነ ሰላም በልልኝ። እሱም ክርክር ይወዳል፤ ነገሩን ብታጫውተው ከማን ወገን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ግን ከእናታችን በፊት ለአንተ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ፤ የዛሬው ጠዋት ነው።

እናታችን ወጥታ በሩ ሲዘጋ አንሶላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳሁት። አጣጥፌ አስቀመጥኩት፤ ወርውሬ ብጥለው እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ሻይ ጣድኩ። ያንተን ትራስ ቦታው ላይ፣ የኔን ከጎኑ አደረግኩና ተቀመጥኩ። ተራው የኔ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ካቀበልከኝ ወዲህ የኔ ነው። ማጫወቻው ሲከፈት እዚያው ቤት፣ እዚያው መብራት። ተንኳኳ። እኔም ስል የኖርኩትን አደረግኩ፤ በትከሻዬ ገፍቼ ያዝኩት። የግራ ቁልፉን በጥፍሬ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ከለቀቅኩ በሩ ይለቃል። ያንኳኳል፣ ይጠብቃል። እንደገና ያንኳኳል። አይጮህም፣ አይገፋም። ጣቴ ደነዘዘ። በዚህ መሀል ሻዩ ገነፈለ። ምድጃው ላይ ሲንጫጫ እየሰማሁ መነሳት አልቻልኩም፤ በር ይዣለሁና። ያኔ ብቻዬን ሳቅኩ። ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቄ ነው፤ ድምፄን ስሰማው የማላውቀው ሰው መሰለኝ።

ለቀቅኩት። ሄጄ ምድጃውን አጠፋሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩና መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ መስታወቱን በሁለት ጣት፣ ከጠርዙ አነሳው፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። አልሰበረውም። ከዚያ አንተም እኔም ያልገመትነውን አደረገ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መብራቷን አላጠፋም፤ ወደ እኔ ዞሮ ዝም አለ፣ አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ይመስል። ምን እንደምጫን አላወቅኩም። አንተ ብትሆን ትጠብቀው ነበር። የኔ አውራ ጣት ግን ከለመደው አልወጣም፤ ሰይፉን መዘዘ። ጋሽ ጨለማ ሰይፉን አየው፣ ተነሳ፣ እፍ አለ። ሞትኩ። ስክሪኑ ጥቂት ጨልሞ ቆየና መልሶ በሩ ላይ አቆመኝ። ተንኳኳ።

ስለ መስታወቱ ልክ ነበርክ። ይኸው ፈርጄልሃለሁ። ለምን እንደሚያንኳኳ ግን አሁንም አላውቅም፤ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው የሚለው ነገር አለው፤ እሱን ሳልሰማ ገደልኩት ልበል፣ ገደለኝ ልበል። ጆይስቲኩን አነሳሁ፤ ገመዱን አፍታትቼ ትራስህ ላይ፣ በቀኝ እጅህ በኩል አስቀመጥኩልህ። ሳላጉረመርም። ምድጃውን ወለወልኩ፤ የተረፈውን ሻይ ጠጣሁ፤ አልጋህን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አነጠፍኩት።

እናታችን ስትመጣ ምክንያቴን እነግራታለሁ። ማጫወቻው አይሰጥም፤ የኔ ተራ ባልሆነ ዕቃ ላይ እኔ እሺ ማለት አልችልም፣ ተራው የወንድሜ ነው እላታለሁ። ከፈለገች ደግሞ ትራሴን ለሷ እለቅላታለሁ፤ እዚህ ስትቀመጥ ጀርባህን ሳይሆን ጎንህን ነው የምታየው፣ ከጎንህ ደግሞ ፊትህ ደህና አድርጎ ይታያል። የአክስታችን ልጅም ቢሆን ይምጣ፣ ይቀመጥ። ከኔ ቀጥሎ ነው።

ቴሌቪዥኑን አላጠፋሁትም፤ ድምፁን ብቻ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ጋሽ ጨለማ እያንኳኳ ነው። አትቸኩል፤ እሱም የቸኮለ አይመስልም።

ታናሽ ወንድምህ፣ ጠበቃው

ከክፍላችን፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
ቅዳሜ ጠዋት፣ አክስታችን በሄደች ማግስት